ሙዚየም ውስጥ ምስጥ ሲገባ፦ ከመርጨት በፊት መንገዱን መፈለግ

ወለጋ ተወልዶ ላደገ ሰው ስለ ምስጥ ማውራት ለቀባሪው ማርዳት ነው። መንዲና ነጆ በኩል ምስጡ በቆሎውን፣ ሳሩን፣ የጎጆውን ምሰሶ፣ አጥሩን ሁሉ ስለሚጨርስ ሰው ቤት ሊሠራ ሲያስብ መጀመሪያ ሚጨነቀው በሱ ነው። እኔ ደግሞ እዛው አካባቢ ባለ አንድ ትንሽ ሙዚየም ቅርስ መዝጋቢ ነኝ፣ እና ምስጡ ግቢውን አልፎ ዕቃ ክፍላችን ሲገባ የገባኝ ነገር ቢኖር ማሳና አጥር ላይ ሚሠራው ዘዴ ሁሉ ሙዚየም ውስጥ ከምስጡ የባሰ ጥፋት ሊያመጣ እንደሚችል ነው። ሙዚየም ለምትሠሩ ብቻ ሳይሆን የቤተክርስቲያን ዕቃ ቤት ለምትጠብቁ፣ የድሮ መዝገብ ያለበት ቢሮ ላላችሁም ይጠቅማል ብዬ ነው ምጽፈው።

ህንጻችን ግማሹ ብሎኬት ነው፣ ወለሉ ሊሾ፣ ኮርኒሱ ቺፕውድ። የድሮው ክፍል ግን በጭቃና በጭድ የተመረገ ግድግዳ ነው። ነገሩ የታወቀው ክረምቱ ሊገባ ሲል ተዘግቶ የከረመ ክፍል ስንከፍት መስኮቱ ሥር የረገፈ ክንፍ ተከምሮ ስናገኝ ነው። አሸን (ክንፋሙ ምስጥ) ውጪ ላይ መፍላቱ ምንም ማለት አይደለም፣ ዝናብ በጣለ ማግስት መብራት ያለበት ሁሉ ይመጣል፣ ግን የተቆለፈ ክፍል ውስጥ ክንፍ ከረገፈ ከዛው ከወለሉ ወይ ከግድግዳው ነው የወጣው ማለት ነው። ከዛ ባትሪ ይዤ ጥግ ጥጉን ስፈትሽ ሊሾው ከግድግዳው ሚገናኝበት ስንጥቅ ላይ ተነስቶ ወደላይ የወጣ ቀጭን የጭቃ መስመር አገኘሁ፣ ሾውኬዙ ጀርባ የተመታው ኮምፔንሳቶ ውስጥ ነው የገባው። በካቻቢቴ እጀታ መታ መታ ሳረገው ባዶ ድምፅ ሰጠ። ከፊት ለፊት ግን ቀለሙ እንዳለ ነው፣ ጎብኚ ቢያየው ምንም አይጠረጥርም።

መጀመሪያ ምስጥ መሆኑን አረጋግጡ፣ ምክንያቱም ነቀዝ ከሆነ ሥራው ሁሉ ይለያል። ነቀዝ እንጨቱ ላይ ክብ ክብ ትንንሽ ቀዳዳ ይተዋል፣ ከሥሩ ደሞ ዱቄት ይራገፋል። የኛ አገር ኩይሳ ሠሪ ምስጥ ዱቄት አያራግፍም፣ በልቶ በጨረሰው እንጨት ውስጥ ጭቃ ይሞላል፣ ወደ ውጪ ሲወጣም ራሱን በጭቃ ሸፍኖ ነው። ክንፋሙን ከክንፋም ጉንዳን ጋር ሚያምታታም አለ፦ የጉንዳን ወገቡ ቀጭን ነው፣ የፊት ክንፉ ከኋላው ይረዝማል፣ የምስጥ ወገብ ወፍራም ሆኖ አራቱም ክንፎቹ እኩል ናቸው።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገራችሁ፣ ይሄ ከገባችሁ ሌላው ሁሉ ይከተላል። እንዲህ አይነቱ ምስጥ ዕቃው ውስጥ አይኖርም። ቤቱ መሬት ውስጥ ነው፣ ንግሥቲቱም እዛው ናት፣ የተሸከመውን እንጨት ወስዶ እንጉዳይ ያበቅልበታል፣ እሱን ነው ሚበላው። ባርጩማው፣ መዝገቡ፣ የፎቶው ፍሬም ሠራተኞቹ መጥተው ሚቆርጡበት ቦታ ነው እንጂ ጎጆአቸው አይደለም። ቆዳቸው ስስ ስለሆነ እርጥበት ካጡ ይደርቃሉ፣ ለዛ ነው በጭቃ ቱቦ ውስጥ ብቻ ሚሄዱት። ስለዚህ አንድን ዕቃ ከግድግዳውና ከወለሉ ነጥላችሁ ደረቅ ቦታ ብታስቀምጡት ውስጡ የቀሩት ምስጦች ብዙ ሳይቆዩ በራሳቸው ያልቃሉ። ዕቃው ላይ መድኃኒት መርጨት ለምን? መድኃኒት ካስፈለገ ሚያስፈልገው አፈሩና መንገዱ ላይ ነው።

ይሄን ለማስረዳት ግን ትንሽ ታግያለሁ። አለቃችን እንግዳ ሊመጣ ነው ብለው ቶሎ ይረጭና ይለቅ የሚል ሐሳብ ነበራቸው፣ የጀርባ መርጫ ያዘለ ልጅም መጥቶ በር ላይ ቆሟል፣ መድኃኒቱ በሃይላንድ ጠርሙስ የተቀዳ፣ ምልክት የሌለው። ምንድነው ስለው "ለሁሉም ይሆናል" አለኝ። እኔም አለቃዬን "ጌታዬ፣ ይሄ ውሃ ነው፣ ቀለም ያለው ዕቃ ላይ ሲያርፍ ቀለሙን ያነሳዋል፣ ጥለት ላይ ሲያርፍ ይለቃል፣ እንጨቱ ያብጥና ይሰነጠቃል፣ ሽታው ደሞ እዚህ የምንቀመጠው እኛ ላይ ነው ሚቀረው" አልኳቸው። ከዛም አዋጁን ጠቀስኩ፦ በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 መሠረት ቅርስ ላይ የእንክብካቤና የጥገና ሥራ ያለ ቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ አይሠራም። እውነቱን ለመናገር ከኬሚስትሪው ይልቅ የሠራልኝ አዋጁ ነው፣ ሹም የአዋጅ ቁጥር ሲሰማ ቆም ይላል። ልጁ ተመለሰ፣ ፈቃድና ባለሙያ የሚጠይቅ ደብዳቤ ወደ ላይ ተጻፈ፣ እኛም መልሱ እስኪመጣ ድረስ ዕቃዎቹን ማዳን ጀመርን።

የመጀመሪያው ሥራ ፎቶ ነው። የጭቃውን መስመር ሁሉ ከመነሻው እስከ መድረሻው በስልክ አነሳነው፣ የህንጻውን ፕላን በወረቀት ስለን ምልክት አረግን። መስመሩን ሙልጭ አርጋችሁ አትጥረጉት! ሲያስጠላ ሰው እጁ ይፈጥናል፣ ግን እሱን ካጠፋችሁት ባለሙያው ሲመጣ ከየት እንደሚገቡ ሚያሳይ ነገር አይኖርም፣ ምስጡም በሌላ በኩል ይዞራል። እያንዳንዱ መስመር ላይ አጭር ቦታ ብቻ ሰብራችሁ ተዉት፣ በቀጣዮቹ ቀናት እዩት፣ መልሰው ከደፈኑት አሉ ማለት ነው፣ ካልደፈኑት ድሮ የተተወ ሊሆን ይችላል ግን እርግጠኛ ለመሆን ደጋግሞ ማየት ነው።

ዕቃ ማንሳቱ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ምስጥ የበላው እንጨት ከላይ ሙሉ መስሎ ውስጡ ባዶ ስለሆነ በእጀታው ወይ በጆሮው ስታነሱት እጃችሁ ላይ ይቀራል። ከሥሩ ካርቶን ወይ ጣውላ አስገብታችሁ ከነጣውላው አንሱት። ነጭ ወረቀት የተነጠፈበት፣ ከግድግዳ የራቀ፣ እግሩ ብረት የሆነ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት፣ ነጩ ወረቀት ላይ አዲስ ጭቃ ወይ ዱቄት ከወደቀ ወዲያው ይታያል። ጭቃውን እርጥብ እያለ አትነካኩት፣ ሲደርቅ በለስላሳ ብሩሽ ቀስ ብሎ ይነሳል። የተራገፈ ስባሪ ካለ በትንሽ ላስቲክ ከነቁጥሩ አስቀምጡ። ኮላ አፍስሶ መሙላት፣ ስቱኮ መለሰን፣ ቫርኒሽ መቀባት የሚባለውን ለባለሙያ ተዉት፣ አንዴ ከገባ አይወጣም።

ከሁሉም ያንገበገበኝ ግን ዕቃው አልነበረም፣ ካርዱ ነው። የድሮ መመዝገቢያ ካርዶቹ ወለል ላይ በተቀመጠ የካርቶን ሳጥን ውስጥ ነበሩ፣ ምስጡም ከሥር ገብቶ መሀሉን ቦርቡሮታል። አንድ ሲንቄ (የኦሮሞ ሴቶች የክብር በትር) ወይ አንድ የእንጨት ትራስ ከማን ቤት እንደመጣ፣ ማን እንደሰጠ፣ መቼ እንደመጣ የሚለው ካርዱ ላይ ብቻ ከነበረ ካርዱ ሲበላ ዕቃው ዝም ያለ እንጨት ሆኖ ቀረ። የተወሰነውን ሽማግሌዎች ጠይቀን መልሰናል፣ ሁሉንም ግን አይደለም። እባካችሁ ዛሬውኑ መዝገባችሁን ገጽ በገጽ በስልክ አንሱና ሌላ ህንጻ ውስጥ ያለ ኮምፒውተር ላይም ፍላሽ ላይም አስቀምጡ፣ ይሄ በጀት አይጠይቅም፣ ፈቃድም አይጠይቅም።

መንገዱን ያገኘነው በጥበቃችን ነው። እሳቸው ቤቱ ሲሠራ ጀምሮ እዛው ናቸው። ከባለሙያው ጋር ወለሉን እያንኳኳን ስንዞር ቆይተው ቆይተው "ልጄ፣ እዚህ ጋ እኮ ትልቅ ኩይሳ ነበር፣ በዶዘር ጠርገው ነው ቤቱን የሠሩበት" አሉ። ኩይሳውን ከላይ መጥረግ ምስጡን አያጠፋም፣ ንግሥቲቱ ያለችበት ክፍል ከታች ሊተርፍ ይችላል፣ ባይተርፍም ግቢው ውስጥ ካለ ሌላ ኩይሳ ምስጡ በአስር ሜትሮች የሚቆጠር ርቀት በመሬት ውስጥ መጥቶ ይደርሳል። ገበሬው እንደሚያረገው ቆፍሮ ንግሥቲቱን ማውጣትም አለ፣ ግቢ ውስጥ ለሚታይ ኩይሳ ጥሩ ነው፣ መርዝ የለውም፣ ግን የቆፈራችሁት ኩይሳ ቤታችሁ ለገባው ምስጥ ቤት ስለመሆኑ ማረጋገጫ የላችሁም።

ባለሙያው ሲመጣ የተሠራው እንዲህ ነው። ከውጪ መሠረቱን ተከትሎ ጠባብ ቦይ ተቆፈረ፣ ከውስጥ ደግሞ ምስጡ በሚወጣበት ግድግዳ ሥር ሊሾው በድሪል እየተበሳ መድኃኒቱ አፈሩ ውስጥ እንዲገባ ሆነ፣ ከዛ ቀዳዳው በሲሚንቶ ተደፈነ። ለእንዲህ አይነት ሥራ የተለመደው መጠን በአንድ ሜትር ርዝመት ለየ30 ሴንቲሜትር ጥልቀቱ ወደ 5 ሊትር የተበጠበጠ ፈሳሽ ነው፣ ግን የመጨረሻው ቃል የመድኃኒቱ ማሸጊያ ላይ ያለው ነው። ይሄን ምነግራችሁ ራሳችሁ እንድትሠሩት ሳይሆን አንድ ጀሪካን ይዞ መጥቶ ላይ ላዩን አርከፍክፎ ሚሄደውን እንድታውቁበት ነው። ወለል ላይ የፈሰሰ መድኃኒት ሰውን ነው ሚያገኘው እንጂ ምስጡን አያገኘውም።

ከመጀመራቸው በፊት የጠየቅነው ነገር፦ መድኃኒቱ በአገራችን ተመዝግቧል ወይ? በ2002 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 ያልተመዘገበ መድኃኒት መሸጥም መጠቀምም ይከለክላል። ማሸጊያው የመጀመሪያው ነው ወይ፣ ጽሑፉ ይነበባል ወይ? ውስጡ ያለው ምንድነው? ድሮ ኩይሳ በአልድሪን ይመረዝ ነበር፣ አልድሪንም ክሎርዴንም በ2001 እ.ኤ.አ. በተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነት የተከለከሉ ናቸው፣ አሮጌ መጋዘን ጥግ የተረፈ ካለ "ድሮ ጥሩ ይሠራ ነበር" ተብሎ አይወጣም፣ ለግብርና መሥሪያ ቤቱ ሪፖርት ይደረጋል። ዱርስባን በሚባለው መድኃኒት ውስጥ ያለው ክሎርፓይሪፎስም በ2025 እ.ኤ.አ. እዛው ዝርዝር ውስጥ ገብቷል፣ ለጥቂት አገልግሎት ልዩ ፈቃድ ቢኖረውም ሰው ቀኑን ሙሉ ሚቀመጥበት ዝግ ክፍል ውስጥ እኔ አላስገባውም።

ሁለት ነገር ደግሞ የኛ አካባቢ ሰው ልብ ይበል። አንደኛው የጉድጓድ ውሃ ነው፣ ከግድግዳው አጠገብ ጉድጓድ ካለ ለባለሙያው መጀመሪያ ንገሩት፣ እኛ ጋ በጎረቤት ጉድጓድ ምክንያት አንዱ ጎን ምንም መድኃኒት አልገባበትም፣ እዛ ጎን በአካፋና በሲሚንቶ ብቻ ነው የታገልነው። ሁለተኛው ንብ ነው። ለምስጥ ማጥፊያ ከሚያገለግሉት መድኃኒቶች ውስጥ ፊፕሮኒልና ኢሚዳክሎፕሪድ ንብን ክፉኛ ይገድላሉ፣ ስለዚህ ወደ አፈር ይገባሉ እንጂ አበባና ቁጥቋጦ ላይ አይረጩም፣ ባለ ቀፎ ጎረቤትም ቀድሞ ይነገረዋል። እህ፣ እንጉዳዩን ረስቼ። ክረምት ላይ ኩይሳ ላይ ሚበቅለውን እንጉዳይ ልጆች ይለቅማሉ፣ መድኃኒት በገባበት ግቢ ግን እንዳይለቀም በግልጽ ተናገሩ። ባዶው ጀሪካን ደሞ ይበሳ፣ ካልተበሳ ነገ ዘይት ወይ ውሃ ሲቀዳበት ታገኙታላችሁ።

ሠራተኞቹ ጓንት፣ ቦት፣ ቱታና ካርትሪጅ ያለው ማስክ ነበራቸው። የኮቪድ ጊዜ ማስክ ለእንፋሎት ምንም አይሠራም። እኛ ወጣን፣ ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ሰዓት እስኪያልፍና ክፍሉ በደንብ እስኪናፈስ አልገባንም። ሰው ላይ ቢፈስ ልብሱን አውልቆ በብዙ ውሃና በሳሙና ማጠብ፣ ቢውጠው እንዲያስመልሰው አለማስገደድ፣ ወተት አጠጡት የሚለውን ትቶ ከነማሸጊያው ጽሑፍ ወደ ጤና ተቋም መሮጥ ነው። ዓይኑ ብሌኑ ከጠበበ፣ ለሃጩ ከበዛ፣ ካላበውና ካስመለሰው ደቂቃ አትፍጁ።

አሁን ስለ እህል ኪኒን ልናገር፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው "ክፍሉን ዘግተን ኪኒን ብንጥልበት አይሻልም?" ይለኛል። አይሻልም። ኪኒኑ የአየር እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል፣ ሰው ይገድላል፣ ማርከሻ መድኃኒት የለውም፣ በስንጥቅ አልፎ ጎረቤት ክፍል ይገባል። ቅርሱንም ቢሆን ያበላሻል፣ መዳብ፣ ነሐስና ብር ላይ ዝገት ያመጣል፣ ስለዚህ መስቀል፣ የጋሻ ጌጥ፣ አምባር፣ ጨሌ ላይ ያለ ሽቦ ባለበት ክፍል ውስጥ እንጨቱን አድናለሁ ስትሉ ብረታ ብረቱን ታጣላችሁ። መሬት ውስጥ ያለችውን ንግሥት ደሞ አይነካትም። የተቃጠለ ዘይትና ነጭ ጋዝም እንደዛው፣ አጥር ላይ ቀቡት፣ ሙዚየም ውስጥ ግን እድፍና የእሳት አደጋ ነው።

ነቀዝ ወይም ብል የተገኘበትን ዕቃ እኛ ፍሪዘር ውስጥ ነው ያስገባነው። ዕቃው በንጹህ ነጠላ ጨርቅ ይጠቀለላል፣ ወፍራም ላስቲክ ውስጥ ይገባል፣ አየሩ ይወጣና በስኮች በደንብ ይታሸጋል፣ ከዛ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ የሚደርስ ፍሪዘር ውስጥ ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ የቤት ፍሪዘር ከሆነ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ሲወጣ ላስቲኩ ወዲያው አይከፈትም፣ 24 ሰዓት ከነእሽጉ ይቀመጥና ላቡ ላስቲኩ ላይ ይውጣ፣ ዕቃው ላይ እንዳይሆን። የኛ አገር ችግር መብራት ነው፣ ቴርሞሜትር ውስጥ አስገቡ፣ መብራት ጠፍቶ ቅዝቃዜው ከቀነሰ ቆጠራው ከአንድ ይጀምራል። በጠመኔ ልስን ላይ የተሳለ የእንጨት ሥዕል፣ ሰም ያለበት፣ ብርጭቆ ያለበት፣ ቆዳው የተወጠረ ከበሮ ግን ባለሙያ ሳይጠየቅ ፍሪዘር አይገባም።

ሌላ ሰው ብዙ ማያወራው ነገር አለ። ድሮ ሙዚየሞች ዕቃቸውን ከተባይ ለመጠበቅ ዲዲቲ፣ አርሴኒክ፣ የሜርኩሪ ጨው ይቀቡ ነበር፣ በዓለም ሁሉ የተደረገ ነገር ነው። ስለዚህ አሮጌ ቆዳ፣ ላባ ወይ ጨርቅ ላይ ነጭ ዱቄት ወይ የሚያብለጨልጭ ነገር ካያችሁ በአፋችሁ እፍ አትበሉ፣ በጓንት ያዙት፣ ለብቻው አሽጉት። እኛ ጋ አንዳንድ ዕቃ በበዓል ቀን ወጥቶ ይለበሳል፣ ይያዛል፣ ታሪኩ ያልታወቀውን ግን አሁን አናወጣም፣ ቅሬታ አለ፣ ቢሆንም ቅሬታው ይሻላል።

ህንጻው ላይ የሠራነው ከመድኃኒቱ በላይ ጠቅሟል ብዬ ነው ማምነው። አሸንዳው ቀዳዳ ነበረው፣ የጣራው ውሃ ሁሉ አንድ ጥግ ላይ ይወርዳል፣ ምስጡም የወጣው በዛው ጥግ ነው፣ ይሄ በአጋጣሚ አይደለም። አሸንዳው ተጠገነ፣ ውሃው በቦይ ከህንጻው ራቀ። ግድግዳው ሥር የተተከለው አበባ ተነቀለ (ጽዳት ሠራተኛችን አኩርፋኝ ነበር፣ አሁን በርቀት ተክላዋለች)፣ የማገዶ ክምሩ ተነሳ፣ ከወለሉ ከፍ ብሎ የተቆለለው አፈር ተቆርጦ ግድግዳው እንዲታይ ሆነ። ውስጥ መደርደሪያው ሁሉ ብረት ሆኖ ከወለል ወደ 15 ሴንቲሜትር ከፍ አለ፣ ከግድግዳም ሰው ባትሪ አስገብቶ ማየት ሚችልበት ክፍተት ተተወለት። ካርቶን ወለል ላይ ማስቀመጥ ክልክል ነው። ኮምፔንሳቶ በላሜራ ተተክቷል። እንጨት የግድ በሆነበት ጽድ ነው የተጠቀምነው፣ ጽድና ወይራን ምስጥ ብዙም አይደፍራቸውም፣ ባህር ዛፍንና ቺፕውድን ግን በደስታ ነው ሚበላው።

ባይት ስለሚባለው ምግብ መሰል ማጥመጃ ጠይቀን ነበር። ምስጡ ወደ ጎጆው ተሸክሞት እንዲሄድና ሲያድግ ቆዳ መቀየር እንዲያቅተው ነው የተሠራው፣ መርዙ ጥቂት ስለሆነ ለሙዚየም ጥሩ ነው፣ ግን ብዙዎቹ የተሠሩት ለሌላ አይነት ምስጥ ስለሆነ የኛ እንጉዳይ አብቃይ ሁሌ አይቀበለውም፣ ወራትም ይፈጃል። ስለዚህ ተውነው።

አሁን ክትትሉ በደብተር ነው። ክረምት መግቢያና መውጫ ላይ ጠበቅ አርገን፣ በሌላው ጊዜ በየወሩ፣ እኔና ጥበቃው በፕላኑ ላይ ያሉትን ምልክቶች እየተከተልን እናያለን፣ የታየውም ያልታየውም ይጻፋል። ግድግዳው ሥር ለስላሳ የባህር ዛፍ ችካሎች ተክለናል፣ ምስጥ ከመጣ መጀመሪያ እነሱን ነው ሚበላው፣ እኛም ቀድመን እናውቃለን። ባለፈው ክረምት ጉድጓዱ ባለበት፣ መድኃኒት ባልገባበት ጎን አንዱ ችካል ተበልቶ ስላገኘን ከወለሉ ጋር ያለውን ስንጥቅ እንደገና ደፈንነው።

በጀት ስትጠይቁ ደሞ "የፀረ ምስጥ መድኃኒት መግዣ" ብላችሁ አትጻፉ። እንደዛ ካላችሁ መድኃኒት ተገዝቶ ይላክላችኋል፣ ያውም የማታውቁት። "የህንጻ ጥገናና ዓመታዊ የተባይ ቁጥጥር" በሉት፣ አሸንዳው፣ ብረት መደርደሪያው፣ የባለሙያው አበል፣ ፍሪዘሩም ሳይቀር በሱ ውስጥ ይገባል። ከሚሠራው ድርጅት ጋር ስትዋዋሉም የተጠቀመበትን መድኃኒት ስም፣ መጠንና የተበሱትን ቀዳዳዎች ቦታ በፕላን ላይ አስፍሮ ፈርሞ እንዲሰጣችሁ ውሉ ውስጥ አስገቡት፣ እኛ ይሄን ወረቀት ላሜኔት አርገን ከመዝገቡ ጋር ነው ያስቀመጥነው።